ለሰው የሚቻለውና የማይቻለው፤ ከሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት የተማርኩት

የእድራችን ኮሚቴ ለዓመታዊው መጽሔት ጽሑፍ ያለው አባል እንዲያቀርብ ባሳወቀው መሠረት እኔም የበኩሌን ይዤ ቀርቤአለሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ በጉርብትና እለፉት።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከሁለት ዓመት በፊት ደም ግፊት ድንገት ጣለኝ። ከሞት ተረፍኩ፤ ቀኝ እጄ ግን አልተረፈም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲመዘግብ፣ ቁጥር ሲሰጥና ማኅተም ሲመታ የኖረ እጅ ዛሬ ማንኪያ አያነሣም። ያኔ ልትጠይቁኝ የመጣችሁ ሁሉ ሁለት ዓይነት ምክር ሰጣችሁኝ። ግማሻችሁ ለሰው ልጅ የማይቻል ነገር እንደሌለ፣ ከበረታሁም እጄ እንደ ድሮው እንደሚጽፍ ነገራችሁኝ። ግማሻችሁ ደግሞ የሆነው አንዴ ሆኗልና፣ ዕድሜም ገፍቷልና፣ ተቀብዬ ቁጭ እንድል መከራችሁኝ። ሁለቱም ከፍቅር የመጣ ነው፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደሆነ ሳሰላስል አንድ ሰው ብቻ በሐሳቤ ይመላለስ ነበር። እሱም ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። ሁለቱንም በገዛ አካሉ ያየ ከእሱ የበለጠ ሰው አላውቅም።

ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ግማሹን ነው። የሮጠበትን እንጂ የተቀመጠበትን ዘመን ብዙ አናነሣውም። አበበን እሱ እያልኩ መጻፌም ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ አደራ። አገሩ ሁሉ እንደ ቤቱ ልጅ አበበ እያለ ነበር የሚጠራው። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። የሚገርመው ነገር፣ በዚያው ዕለት በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። በጃቶ ግን ማን ይህን ያውቃል? ልጁ እንደ እኩዮቹ ከብት ጠበቀ፣ ገና ተጫወተ፤ ሜዳው ለሜዳ የሚቀርበት፣ ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል ብዙ የሚያስሮጠውን የአገራችንን ገና ማለቴ ነው። ጫማ የሚባል ነገር ለገበሬ ልጅ ያኔ ብርቅ ነበር።

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ አዲስ አበባ መጣና በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የአገራችንን ስፖርተኞች ያሠለጥኑ የነበሩት ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ ነበሩ። አበበን ያገኙትና ለረጅም ርቀት ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ከሱሉልታ ኮረብታ ወደ አዲስ አበባ እየሮጠ ይመላለስ እንደነበር ይነገራል። አንድ ጊዜ በጫማ፣ አንድ ጊዜ በባዶ እግሩ እየተለማመደ ጊዜውን ያስለኩት ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በ1952 ዓ.ም. ኦሊምፒክ በሮማ ሆነ። አበበ ዕድሜው 28 ነው፤ ስሙን ከአገሩ ውጭ የሚያውቅ ሰው የለም። ያለው ጫማ አልቆ ነበር፤ አዲስ የተገኘውም እግሩን አልስማማ አለው። ስለዚህ ጫማውን ትቶ በባዶ እግሩ ሊሮጥ ወሰነ። ዕለቱ ጳጉሜ 5 ቀን፣ የእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። እዚህ አገር ችቦው በሚበራበት ምሽት እዚያ ደግሞ ወታደሮች በአሮጌው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ያበሩ ነበር። ውድድሩ የተጀመረው ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበረ ሲጠናቀቅ መሽቶ ነበር።

መጨረሻ አካባቢ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ አበበና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም። መንገዱ በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። ጣሊያኖች በ1929 ዓ.ም. ወስደው ሮማ ላይ ያቆሙት ያ የእኛ ሐውልት ነው። አበበና አሠልጣኙ አስቀድመው መንገዱን ሲያዩ፣ ሐውልቱ ከመድረሻው ብዙ የማይርቅ መሆኑን አይተው፣ ፍጥነት የሚጨመረው እዚያ ላይ እንዲሆን ተነጋግረው ነበር። እዚያ ሲደርስ ጨመረ፤ ተለየም። በኮንስታንቲን ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ሞሮኮው 25 ሰከንድ ቆይቶ ደረሰ። ከጥቁር አፍሪካ ወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው አበበ ሆነ። ከሃያ አራት ዓመት በፊት ሠራዊቷ አዲስ አበባ የገባባትን አገር ዋና ከተማ አንድ የኢትዮጵያ ወታደር በባዶ እግሩ ድል አድርጎ ገባባት ማለት ነው፤ ያውም ማንንም ሳይገድል።

ከሮማ በተመለሰ በሦስተኛው ወር፣ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ላይ፣ የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረና ከሸፈ። አበበም የክቡር ዘበኛ ሰው ስለነበረ ለጥቂት ጊዜ ተይዞ ተለቀቀ። በመስከረም በአበባ የተቀበሉት ሰው በታኅሣሥ ተጠርጣሪ ሆነ። ያው የዓለም ነገር እንዲህ ነው።

በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ማራቶን ሮጦ አምስተኛ ወጣ። ይህንን ብዙ ሰው አያወራም። እኔ ግን ደስ ይለኛል፤ አበበም እንደኛ የማይሆንለት ቀን እንደነበረው ያሳያልና።

ቀጥሎ የቶኪዮ ኦሊምፒክ መጣ። ለውድድሩ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው አበበ ትርፍ አንጀት ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሆዱ ተቀዶ ገና ስፌቱ ሲደርቅ 42 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ ይችላል ብሎ ማን ያስባል? ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸነፈ። ሁለተኛው ሰው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። አበበም እንደ ደከመ ሰው አልወደቀም፤ ሣር ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ሕዝቡ በመደነቅ ያየው ነበር። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት ማንም አልነበረም። የጃፓን ሙዚቀኞች የእኛን መዝሙር ስላላወቁት የራሳቸውን መቱ ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ ነጭ ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት። ማዕረጉም እያደገ ሄዶ ሻምበል ሆነ።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለሰው የማይቻል ነገር የለም የሚሉት ወገኖች ረቱ። በየሚኒባሱ የኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፈውም ጽሑፍ ልክ ነበር። ነገር ግን ሁለት ነገር ማለት አለብኝ።

አንደኛ፣ የሮማው ድል ተአምር አይደለም። በባዶ እግሩ መሮጡን ተአምር አድርገው የሚያወሩ ነበሩ፤ እኔም በልጅነቴ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ከላይ ልብ በሉልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። በባዶ እግር መሮጥን ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ያውቀዋል፤ ከአሠልጣኙም ጋር ሞክሮታል፤ መንገዱን አስቀድሞ አይቷል፤ ፍጥነት የሚጨምርበትን ቦታ ሳይቀር ወስኗል። ለሌላው ሰው የማይቻል የመሰለው፣ ለእሱ የተዘጋጀበት ነገር ነበር። ብዙውን ጊዜ አይቻልም የምንለው አልተዘጋጀንበትም ለማለት ነው። ይህን ስጽፍ በራሴም አፍራለሁ። መዝገብ ቤት ሳለሁ ስንቱን ባለ ጉዳይ አይቻልም እያልኩ መልሼዋለሁ! ፋይሉ እኮ ከጀርባዬ ነበር፤ ተነሥቶ መፈለግ ነው የከበደኝ።

ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። በእውነት የማይቻል ነገርም አለ። ይኸውና።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ አበበ ለሦስተኛ ጊዜ ተሰለፈ። እግሩ ታሞ ነበር። ገና ግማሹን መንገድ ሳይሞላ፣ አሥራ ስድስት አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ላይ አቋረጠ። ፈቃዱ እንደ ድሮው ነበር፤ አጥንቱ ግን እምቢ አለ። ያን ዕለት ወርቁን ለኢትዮጵያ ያመጣው ጓደኛው ማሞ ወልዴ ነው። አበበ ባቆመበት አገሩ አላቆመችም።

ከዚያ አምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ፣ አበበ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ መኪናው ተገለበጠ። ሌሊቱን እዚያው ውስጥ ተይዞ አድሮ በማግሥቱ ተገኘ። አከርካሪው ተጎድቶ ነበር። ዕድሜው 36 ዓመት ነው። ሁለት ጊዜ ዓለምን የቀደሙት እግሮች ከዚያ ቀን በኋላ አንዲት እርምጃ አልተራመዱም። በመጀመሪያማ እጁም አይንቀሳቀስም ነበር።

ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደሚባለው ሆስፒታል ተወሰደ። ስለዚህ ሆስፒታል ጥቂት መናገር አለብኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አከርካሪው የተሰበረ ሰው ብዙ ዕድሜ ይኖራል ተብሎ አይታሰብም ነበር። አልጋ ላይ ተኝቶ ቁስልና ሕመም እስኪገድለው ይጠበቅ ነበር ማለት ይቻላል። ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም ግን በዚህ ሆስፒታል ሌላ መንገድ ያዙ። የሞተውን እግር ማስነሣት አልቻሉም፤ እንችላለንም አላሉም። ነገር ግን በሽተኛውን አገላብጠው፣ አስቀምጠው፣ የቀረለትን ክንድ በስፖርት ማጠንከር ያዙ። በ1940 ዓ.ም. አሥራ ስድስት የሚሆኑ በሽተኞች ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ቀስት የተወዳደሩበት ቀን፣ ዛሬ ፓራሊምፒክ ለሚባለው ለትልቁ የአካል ጉዳተኞች ውድድር መጀመሪያ ሆነ።

አበበ እዚያ ስምንት ወር ያህል ቆየ። የእንግሊዝ ንግሥት ሳይቀሩ መጥተው ጠየቁት። የእጁ እንቅስቃሴ ተመለሰለት፤ እግሩ አልተመለሰም። መቼም ያን ጊዜ በልቡ ምን እንዳለ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ የማውቀው ያደረገውን ነው። በ1962 ዓ.ም. ክረምት በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በረዶ ላይ ተንሸራታች መንዳት ገባና 25 ኪሎ ሜትሩን አሸነፈ። እስቲ አስቡት፤ የጃቶ ገበሬ ልጅ፣ እግሩ የማይንቀሳቀስ፣ በረዶ ላይ አንደኛ ሲወጣ! ይህንን እሱ ራሱ በሮማ ዘመኑ ቢነግሩት የሚያምን አይመስለኝም።

በ1964 ዓ.ም. ለሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ተጋበዘ። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን ነበር፤ ከሮማው ድል ልክ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በዕለተ ቀኑ። አበበ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴ ሦስተኛ ወጣ። አሸናፊው ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ሁለት ጊዜ የራሱ የነበረውን ነገር ሌላ ሰው ሲወስደው ተቀምጦ ማየትና እጅ መዘርጋት ከሩጫው አያንስም ባይ ነኝ።

አበበ ከአደጋው በኋላ አራት ዓመት ከሰባት ወር ኖረ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የአደጋው መዘዝ እንደነበረ ይነገራል። ባለቤቱንና አራት ልጆቹን ትቶ ሄደ።

ያኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ እጄን ይዞ ወደ ቀብሩ ወሰደኝ። የያዘው ይህንኑ የዛሬውን በድን እጅ ነው። የተገኘው ሕዝብ 65,000 ያህል እንደሚሆን ተገምቷል፤ እኔማ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የወጣ መስሎኝ ነበር። በወታደራዊ ሥነ ሥርዓት በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ። ንጉሠ ነገሥቱም በቀብሩ ላይ ተገኝተዋል። በዓመቱ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እኒያው ንጉሠ ነገሥት ከዙፋን ወርደው በቮልስዋገን ተወሰዱ። በዚያ የቀብር ቀን ይህ ይሆናል ያለ ሰው ቢኖር እብድ ነው ይባል ነበር። ሮማ ላይ አበበ ያለፈው ሐውልትም ሌላው ምሳሌ ነው። የማይመለስ መስሎን ስንት ዘመን አለፈ! በ1997 ዓ.ም. በአውሮፕላን መጣ፤ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ቆመ። አበበ ግን ይህን ሳያይ ነው ያለፈው። አንዳንዱ ነገር ይቻላል፤ በእኛ ዕድሜ ግን አይደርስም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ የተማርኩት ምንድን ነው? የሚቻለውና የማይቻለው እንደ ድንበር ድንጋይ አንድ ቦታ ተተክለው የሚቀሩ አይደሉም። ለአንድ ሰው ሳይቀር በየዕድሜው ይለዋወጣሉ። በ28 ዓመቱ ሌላው የማይችለውን የቻለ ሰው፣ በ36 ዓመቱ ሕፃን ልጅ የሚችለውን፣ መቆምን፣ አጣ። አበበ የሄደበትን እግር ሲጠብቅ ቢቀመጥ ኖሮ ክንዱም አብሮ በሞተ ነበር። በቃኝ ብሎ ቢተኛም እንዲሁ። እሱ ያደረገው ሌላ ነው፤ የሄደውን ሄዷል አለ፤ የቀረውን ቆጠረ፤ በቀረውም ሠራ።

እኔም እንደዚሁ አደረግሁ። ሰውነቴን የሚያፍታታልኝን ባለሙያ እውነቱን እንዲነግረኝ ለመንኩት። ቀኝ እጄ ከእንግዲህ እንደማይጽፍ ነገረኝ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። በማግሥቱ ግን የልጅ ልጄን ደብተር ተቀብዬ በግራ እጄ ሀ ሁ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ፊደል ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፤ ልጁም ሳቀብኝ። አሁን በቀን አምስት ስድስት መስመር እጽፋለሁ። ይህ ጽሑፍ ሦስት ወር ፈጅቷል፤ የጎረቤት ልጅ በኮምፒዩተር ተይቦልኛል። እንደ ድሮው አይደለም። ግን ተጻፈ።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለእድራችን ላቅርብ። እድራችን ሞትን ማስቀረት አይችልም፤ ማንም አይችልም። የሚችለውን ግን አሳምሮ ያደርጋል፤ ጡሩምባ ሲነፋ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ለቀስተኛ ይስተናገዳል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ደንባችን አባሉን የሚያውቀው ሲሞት ነው። በሞትና በጤና መካከል፣ አበበ አራት ዓመት ከሰባት ወር በኖረበት ቦታ፣ ዛሬም በየቤታችን የተኙ አባላት አሉ። ከመካከላቸው ከደጃቸው ከወጡ ዓመት ያለፋቸው አሉ፤ የሚይዛቸው ጠፍቶ እንጂ መውጣት ተከልክለው አይደለም።

ስለዚህ በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር እንዲታይልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ድንኳንና ብረት ድስት እንዳለን ሁሉ፣ ሁለት ዊልቸር ገዝተን ለሚያስፈልገው አባል በውሰት እንድንሰጥ። ሁለተኛ፣ የተኙ አባላት ስም ዝርዝር ተይዞ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው በተራ እየሄደ እንዲጠይቃቸው፣ ደጅም እንዲያወጣቸው። ዝርዝሩን መያዝ ለእኔ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል፤ የመዝገብ ሥራ አውቃለሁ፣ ግራ እጄም ለስምና ለቁጥር ደርሷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ይህ የሚቻል ነገር ነው። አይቻልም የሚል ካለ፣ እንደ እኔ እንደ ድሮው፣ ፋይሉን ተነሥቶ ሳይፈልግ እንዳይሆን አደራ እላለሁ።

ለሁላችንም ጤናና ሰላም ይስጠን።

አንድ ጡረተኛ የእድሩ አባል